ግማሹ የማን ነው?

የማበርራት ግላይደር አርባ ለአንድ ናት። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። በሌላ አውሮፕላን ወይም በገመድ ተስቦ ይነሳል፣ ገመዱ ከተፈታ በኋላ ግን ጉዞው ሁሉ ቀስ ያለ መውረድ ነው። ከምድር ወደ ላይ የሚወጣ አየር ሲያገኝ አየሩ ይዞት ይወጣል እንጂ እሱ ራሱ በአየሩ ውስጥ ዘወትር እየወረደ ነው። ክለባችን ያለችው ኤል ኤስ 4 ጀርመን ሠራሽ፣ ነጠላ መቀመጫ፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሜትር ነው። በረጋ አየር አንድ ሜትር ወርዳ አርባ ሜትር ወደፊት ትሄዳለች። 1000 ሜትር ከፍታ ያለው ሰው 40 ኪሎሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ፋብሪካው የሚለው ይህንን ነው፤ አልዋሸም።

ተራራ ውስጥ ግን በአርባ የሚያሰላ ሰው በራሱ ላይ እየፈረደ ነው። በአልፕስ ተራሮች በረራ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚሰጡት ቀላል ደንብ አለ፦ የአውሮፕላንህን ቁጥር በግማሽ ቁረጠው፣ በሃያ አስላ፣ በዚያ ላይ ማረፊያህ አናት ላይ ስትደርስ 300 ሜትር ይትረፍህ። ይህን የሰማ ጀማሪ ሁሉ «ግማሹ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የፊዚክስ ነው፣ ጥሩ መልስም ነው። እኔን ለዓመታት ያብሰለሰለኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ግማሹ የማን ነው? ልጠቀምበት እየቻልኩ የማልነካው ያ ሃያ የኔ ንብረት ነው ወይስ የሆነ ሰው አደራ?

የፊዚክሱን ቶሎ ልጨርሰው። ኤል ኤስ 4 በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትበር በሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ወደፊት ትሄዳለች፣ 70 ሳንቲሜትር ያህል ትወርዳለች። ነገር ግን አየር የሚወጣበት ቦታ ካለ የሚወርድበትም አለ። በሴኮንድ 3 ሜትር በሚወርድ አየር ውስጥ ከገባህ አርባው ሰባት ተኩል ይሆናል። በዚያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብህ አምስት ይሆናል። አምስት! ያ 1000 ሜትር ከፍታህ 5 ኪሎሜትር ብቻ ይገዛልሃል። በእርግጥ ማንም በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ መንገዱን ሁሉ አይሄድም፤ ፍጥነት ጨምሮ ይወጣል። ሃያ ማለት እንግዲህ አየሩ በመንገድህ ሁሉ በአማካይ በሴኮንድ 70 ሳንቲሜትር እየወረደ ቢቆይ እንኳ ትደርሳለህ ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ቀን አለ። ነፋስ ተራራ ተሻግሮ በሚወርድበት በጀርባው በኩል ሃያም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ አውሮፕላኗ የተነገረ አይደለም፤ ስለ ዓለም የተሰጠ ግምት ነው።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ያለን ቃል ደስ ይለኛል፦ ኅዳግ። የብራና ጸሐፊ ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አስምሮ ሲያበቃ እስከ ጠርዙ ድረስ አይጽፍም። ብራና ውድ ነው፣ አንዱ ትልቅ መጽሐፍ የስንት በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ቢሆንም ዙሪያውን ባዶ ይተዋል። እርጥበቱም አይጡም የአንባቢው አውራ ጣትም የሚጀምሩት ከጠርዝ ነው። ኅዳጉ ይበላል፣ ቃሉ ይተርፋል። ባዶ ነው እንጂ ሥራ ፈት አይደለም። የኋላ ዘመን ሰው ግን ያንን ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ የምናገኘው ለዚህ ይመስለኛል፦ ቦታው የተከበረ ነው፣ ደግሞም ባዶ ነው። ለመንካት ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?

እንጀራዬ የአሳንሰር ጥገና ነው፣ እዚሁ ስዊዘርላንድ። እናም ስለ ኅዳግ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ገመድ ነው። በአውሮፓ ደንብ አሳንሰር የሚሸከሙ የሽቦ ገመዶች፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የሚሸከሙትን ጭነት ቢያንስ 12 እጥፍ መቻል አለባቸው። አሥራ ሁለት እጥፍ! ግን በዘመኔ «አሥራ አንዱ እኮ ዝም ብሎ ይባክናል» ያለኝ ሰው የለም። የተበጣጠሱ ሽቦዎች ከተወሰነ ቁጥር ካለፉ ገመዱን አውርጄ እቀይራለሁ፤ ያ የወረደው ገመድ ገና ብዙ ጊዜ ሊሸከም እንደሚችል እያወቅኩ። ባለ ሕንጻው በወጪው ያጉረመርማል እንጂ አይከራከረኝም። ለምን? ጫኙ ሌላ፣ መርማሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ፣ ውስጥ ገብታ ዘጠነኛ ፎቅ የምትወጣው አሮጊት ደግሞ ሌላ ስለሆነች ነው። ኅዳጉ በአራት ሰዎች መካከል ያለ ቃል ኪዳን ነው፣ አንዱ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም።

ግላይደር ውስጥ ግን አራቱም አንድ ሰው ናቸው። ጫኙም መርማሪውም ከፋዩም ተሳፋሪውም እኔ ነኝ። እና ከራስ ጋር የተገባ ቃል ኪዳን እንዴት ቶሎ እንደሚላላ፣ ሰኞ ልጀምር ብሎ ጾም ወይም ስፖርት ያቀደ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። በበጋ ከሮን ወንዝ ምንጭ ዝቅ ብሎ ባለው በጎምስ ሸለቆ፣ ሙንስተር በሚባል ሜዳ እንሰፍራለን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ሁለት በሮች ይሻገራል፤ መጀመሪያ ፉርካን፣ 2429 ሜትር፣ ቀጥሎ ኦበርአልፕን፣ 2044 ሜትር፣ ከዚያ ወደ ራይን ሸለቆ ይገባል። («በር» ያልኩት ጣርማ በር እንደምንለው ነው።) በሁለቱ በሮች መካከል አንደርማት ያለችበት የኡርዘረን ሸለቆ አለ። ከላይ ሲያዩት ሳህን ነው። በምዕራብ ፉርካ፣ በምሥራቅ ኦበርአልፕ፣ በደቡብ የጎታርድ በር፣ በሰሜን ደግሞ ወንዙ ራሱ ተጨንቆ የሚወጣበት የሾሌነን ገደል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሐምሌ ቀን ወደ ማምሻው ላይ እኔና አንድ የክለብ ጓደኛዬ ከራይን ሸለቆ ስንመለስ ኦበርአልፕ አናት ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም 3200 ሜትር ላይ ነበርን። ከዚያ እስከ ፉርካ በአየር 22 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በአርባ ቢሰላ 550 ሜትር ይወስዳል፤ በሩን 200 ሜትር አልፈህ ትሻገራለህ፣ ሙንስተር ታርፋለህ፣ እራት ይደርስልሃል። በሃያ ቢሰላ 1100 ሜትር ይወስዳል፤ በሩ ጋ ስትደርስ ከበሩ 300 ሜትር በታች ነህ፣ ሳህኑ ውስጥ ነህ። በሬዲዮ «እኔ እመለሳለሁ» አልኩት። «እኔ እሄዳለሁ፣ የሰሜኑ ተዳፋት ፀሐይ ይዟል» አለኝ። ተለያየን።

እሱ ተሻገረ። ፀሐይ ሲመታው የዋለው ተዳፋት ላይ ጥሩ የሚወጣ አየር አገኘ፣ 500 ሜትር ጨመረ፣ ፉርካን እያፏጨ አለፈ። እኔ ወደ ራይን ሸለቆ ተመልሼ ሳሩ የታጨደ ሜዳ መርጬ አረፍኩ። ባለ ሜዳው ገበሬ መጣ፣ ክንፏን ዳሰሳት፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከሙንስተር ስለው «አይ፣ ከዚያ በፊት» አለኝ፤ ከደሴ አልኩት። ጓደኛዬ ሁለቱን በሮች በመኪና ተሻግሮ፣ ተጎታቹን አስከትሎ፣ ጨለማ ላይ ደረሰ። ክንፎቹን ፈትተን ስንጭን አላስቻለውም።

«አየህ? ነበር እኮ» አለኝ። አየሩን ማለቱ ነው።

«አሁንማ አወቅን» አልኩት።

«እኔ ቀድሞም አውቄው ነበር።»

በመኪናው ውስጥ እስከ ሙንስተር ድረስ የተከራከርነው በዚህች አንዲት ቃል ነው፤ አውቄው ነበር። አውቆት ነበር ወይስ ገምቶ ያዘለት? በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የትኛው መሣሪያ ነው የሚያሳየው?

ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 «የሞራል ዕድል» በሚል ርእስ የጀመሩት ክርክር አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ይሠራሉ፤ አንዱ ዕድል ይረዳዋል፣ ሌላውን ዕድል ይከዳዋል፤ እኛ ግን አንዱን እናደንቃለን፣ ሌላውን እንወቅሳለን። ሁለት ሹፌሮች በተመሳሳይ ቸልተኝነት ይነዳሉ፣ በአንደኛው ፊት ሕፃን ይገባል። ሥራቸው እኩል ሆኖ ሳለ ፍርዳችን ለምን ይለያያል? ፍርዱ ሥራውን ብቻ መከተል ያለበት ይመስለናል፣ በኑሯችን ግን ውጤቱን እንከተላለን። ክለብ ውስጥ ደግሞ በተለይ። ተሻግሮ የመጣው ሰው እራት ላይ ታሪክ ያወራል። የተመለሰው ሰው የሚያወራው ታሪክ የለውም፤ «ተመለስኩ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ታሪክ ማን ይሰማል?

ለጓደኛዬ ፍትሐዊ ልሁን። ከኔ በላይ ያንን ሸለቆ ያውቀዋል። ፀሐይዋ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነበረች፣ ተዳፋቱ ወደ ደቡብ ያያል፣ ሰዓቱ አልመሸም። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ይሳካ ነበር ቢለኝ ላምነው ፈቃደኛ ነኝ። ታዲያ ጎበዝ አብራሪ በአንድ በጋ እንዲህ ያለ መሻገር ሃምሳ ጊዜ ያደርጋል። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶን ሃምሳ ጊዜ ብትደጋግመው፣ በበጋው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመክሸፍ ዕድሉ 40 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ እኔን ግን ብቻውን አያስደነግጠኝም። መክሸፍማ እኔም ከሽፌያለሁ፣ ያን ቀን ቤቴ አልገባሁም። ጥያቄው ሲከሽፍ ምን ይጠብቅሃል ነው። እኔን የጠበቀኝ የታጨደ ሜዳ፣ ተረበኛ ገበሬና የዘገየ እራት ነበር። እሱን ቢከሽፍበት የሚጠብቀው አራት በሩ የተዘጋ ሳህን፣ የሚጨልም ሸለቆና የደከመ ጭንቅላት ነበር። ኅዳግ ሰውን ከመክሸፍ አያድንም፤ ክሽፈቱን ርካሽ ያደርገዋል። ይህንን መኪና ውስጥ አልነገርኩትም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ተጠርቶ አልታየኝም ነበር።

ስለዚያ ቀን የሚያሳስበኝ ግን የዚያ ቀኑ መሻገር አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተሳካ መሻገር አንድ ነገር ያስተምራል፣ የሚያስተምረው ደግሞ ውሸት ነው። ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎችን ይዛ ከተሰባበረች በኋላ አጣሪው ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ሪቻርድ ፋይንማን በዘገባው አባሪ ላይ ስለ አንድ የጎማ ቀለበት ጽፏል። ቀለበቱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ እንዲዘጋ የተሠራ ነው፣ እንዲቃጠል አይደለም። በቀደሙት በረራዎች ላይ ግን እየተቃጠለ ተመልሷል፣ አንዴም እስከ ራዲየሱ ሲሶ ድረስ። ኃላፊዎቹ ምን አሉ? ሲሶው ብቻ ነው የተቃጠለው፣ ስለዚህ ሦስት እጥፍ የደህንነት ኅዳግ አለን አሉ። ፋይንማን የተገረመው በዚህ ነው። ድልድይ ላይ ጨርሶ መሰንጠቅ የሌለበት ብረት ሲሶው ከተሰነጠቀ፣ ሁለት ሲሶ ቀረን ተብሎ አይጨበጨብም። የሆነ ነገር እንዳልገባን ምልክት ነው። ዳያን ቮን የተባለች የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1996 በዚሁ አደጋ ላይ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንን ሂደት «ከደንብ መውጣትን መልመድ» ብላ ጠርታዋለች። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለመዱ።

ሸንተረር ላይ ስንበር ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ነፋስ ወይም ፀሐይ ያገኘው ተዳፋት አጠገብ ተጠግተህ ወደ ላይ በሚወጣው አየር ላይ ትመላለሳለህ። በተጠጋህ ቁጥር አየሩ ይሻላል፣ ችግሩም እሱ ነው። በሴኮንድ 28 ሜትር እየሄድክ ከዓለቱ 56 ሜትር ላይ ካለህ፣ ወደ ዓለቱ ከዞርክ ሁለት ሴኮንድ አለህ። በ45 ዲግሪ አጋድለህ ለመዞር የሚያስፈልግህ ክብ ራዲየሱ 80 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፊትህን ከተራራው ወደ ውጭ አድርገህ የምትዞረው፣ ለዚህ ነው እዚያ ፍጥነትን እንደ ገንዘብ የምትቆጥበው። በሸለቆው በኩል ያለውን ክንፍ ድንገት የሚያነሳ ነፋስ ቢመጣ የሚያዞርህ ወደ ዓለቱ ነውና። አዲስ አብራሪ መጀመሪያ ቀን 150 ሜትር ርቆ ልቡ ይመታል። በሳምንቱ 100 ሜትር ላይ ልቡ አይመታም። በወሩ 60 ሜትር ላይ ሳንድዊች ይበላል። ዓለቱ ያው ዓለት ነው፣ ነፋሱም ያው፤ የተለወጠው የልቡ ምት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የልብን መረጋጋት «ልምድ» ብለን እንጠራዋለን።

ልምድ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ልምድና ችሎታ ኅዳግን ይተካሉ የሚለውን አባባል ታሪኩ አይደግፈውም። ሄልሙት ራይክማን ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በረጅም ርቀት የግላይደር በረራ መጽሐፉ አንድ ትውልድ ያስተማረ ሰው ነበር። በ1992 በፈረንሳይ አልፕስ ላይ ከሌላ ግላይደር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ጀርመናዊው የውድድር አብራሪ ብሩኖ ጋንተንብሪንክ ደግሞ በዚያው ዘመን ገደማ ባደረገው ንግግር፣ «ከበረራው ይልቅ ወደ ሜዳው የሚወስደው የመኪና መንገድ ነው አደገኛው» የምትለዋን የክለብ ቀልድ አንስቶ ሐሰት መሆኗን ተናግሯል፤ በበረራ ያጣቸው ጓደኞቹ ቁጥር በመኪና ካጣቸው ጋር አይወዳደርምና። እነዚያ ጓደኞቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። ጀማሪ እኮ ፉርካ ድረስም አይመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ቤትህ ተቀመጣ!» ሊለኝ ይችላል፣ ልክም ነው፣ መልስ ይገባዋል። ክላውስ ኦልማን በጥር 2003 በአንዲስ ተራሮች ላይ በአንድ ቀን 3009 ኪሎሜትር በረረ። ይህን ሰው በሃያ አስላ ብሎ ማስቆም ምን ዓይነት ጥበብ ነው? መልሴ፣ ሁለት ኪስ አለ ነው። የ1956 የዓለም ሻምፒዮን ፖል ማክሪዲ ለውድድር አብራሪዎች ያስተማረው ስሌት አለ፦ ቀጥሎ የምታገኘው የሚወጣ አየር ምን ያህል ጠንካራ እንደሚሆን ገምት፣ በዚያ ልክ ፍጥነትህን ምረጥ። ብዙ ከገመትክ ፈጥነህ ትሄዳለህ፣ ከፍታም ቶሎ ትጨርሳለህ። ይህ ቁማር ነው፣ ደስ የሚል ቁማር። ብትሳሳት የምትከፍለው ጊዜ ነው፣ ደረጃ ነው፣ ዋንጫ ነው። በዚህ ኪስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብታወጣ አልቆጣህም። ሌላው ኪስ ውስጥ ያለው ግን በሌላ ገንዘብ ነው የሚከፈለው። ስህተቱ ደፋር መሆን አይደለም፤ ያንዱ ኪስ ሲያልቅ እጅ ሳይታወቀው ወደ ሌላው መግባቱ ነው። ደግሞ የሚገባው ሁልጊዜ ቀኑ መሽቶ፣ ሰው ደክሞ፣ ቤት ሲናፍቅ ነው።

እናቴ ደሴ ናት። በስልክ ስለዚህ ነገር ስናወራ የሁለት ሃይማኖት ሰው ትመስለኛለች። አንዱ፣ «ቀኑ ያልደረሰ ሰው ከሰማይ ቢወድቅ አይሞትም፣ ቀኑ የደረሰ አልጋው ላይ ይሞታል» ይላል። ይህንን ለማጽናናት ነው የምትለው፣ እኔም አልከራከራትም። ግን ቀን ቢኖር እንኳ መቼ እንደሆነ እንጂ እኔ እንዴት መሆን እንዳለብኝ አይነግረኝም። ቀኑ ተቆርጧል ብሎ የአሳንሰር ገመድ ሳይመረምር የሚሄድ መካኒክ ብታገኝ እናቴ ራሷ በጥፊ ትለው ነበር። ሁለተኛው ንግግሯ ነው የያዘኝ። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልፈራም» አልኳት አንድ ቀን። «አንተማ አትፍራ ልጄ፣ እኔ እፈራልሃለሁ» አለችኝ።

እፈራልሃለሁ። አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር በአንዲት ፊደል ይሠራል። «እፈራሃለሁ» ብትለኝ ሌላ ነበር። ከዚህ የባሰችው ደግሞ «ብ» ናት። በእኛ ቋንቋ ልጁን ያጣ ሰው «ልጄ ሞተ» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ «ልጄ ሞተብኝ» ይላል። «ብኝ»። ሞቱ የሟቹ ብቻ አይደለም፣ ያረፈበት ሰው አለ። ጀርመንኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ ስለ ኅዳግ ስንከራከር መጨረሻ ላይ የሚወረውሩት አንድ ድንጋይ አለ፦ «ሕይወቴ የራሴ ነው፣ የምጎዳው እኔ ነኝ።» በፍልስፍናም ክቡር አባባል ነው፣ ነፃነትን የሚጠብቅ አባባል ነው። በአማርኛ ሳስበው ግን ሰዋስዉ አይፈቅድልኝም። እኔ ስሞት «እሞታለሁ»፣ እሺ። ግን በዚያው ደቂቃ ደሴ ላይ «እሞትባታለሁ»። ግሱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ባለ ዕዳም አለው።

ስለዚህ ከላይ አራቱም አንድ ሰው ናቸው ያልኩት ልክ አይደለም፤ እንደዚያ የሚመስለው መስታወቱን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነው። ከፋዩ እዚያ ውስጥ የለም። ከፋዩ ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። ታዲያ ያ ያልተነካው ሃያ የማን እንደሆነ ስጠየቅ፣ ቢያንስ የኔ ብቻ አይደለም ማለት እችላለሁ። ከዚህ ግን እናቴ እንዳልበር የመከልከል መብት አላት ወደሚል አልሄድም። አልከለከለችኝምም። አደራ የተቀበለ ሰው ይሠራበታል፣ ይነግድበታል፤ ዋናውን ነው የማይነካው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ ባለፈው ሰኔ ልጄ እስክትጠይቀኝ ድረስ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በክለቡ ባለ ሁለት መቀመጫ ከኔ ጋር ወደ ተራራ መውጣት ፈለገች። ቁጥሮቹን ታውቃለች፤ ስንት እራት በዚህ ወሬ አሰልችቻታለሁ።

«በስንት ነው የምታበርረኝ?» አለችኝ።

ሳላስብ «በአሥራ አምስት» አልኳት። ተሳፋሪ ሲኖር እንደዚያ ነው የማደርገው።

«ብቻህን ስትሆንስ?»

«በሃያ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ለምን ይለያያል?» አለች።

የሚሰጥ መልስ አለ። ተሳፋሪ አደጋውን እንደ አብራሪው አያውቀውም፣ የፈቃዱ ዓይነት ይለያል፤ የአሳንሰሯ አሮጊት ናት። ይህንን ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ «እኔን ነው ወይስ ራስህን ነው የምታስበው አልኩህ እንዴ? አንተ ብትወድቅ እኮ ቤት ያለሁትም እኔው ነኝ» አለች። እናቴ ያለችውን ነው፣ ያለ «ብ»ዋ፤ አማርኛዋ እዚህ ያደገች ልጅ አማርኛ ነው። ብዙ ሰው ላይ ሞክሬዋለሁ ይህን ክርክር፦ ተሳፋሪ ካለ ኅዳጉ ይስፋ፣ ብቻ ስትሆን ይጥበብ። ሁሉም ይስማማል። እኔም አሁን ድረስ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም፤ ለፈቃድ የራሱ ክብደት አለው። ግን ለአምስቱ ቁጥር ልዩነት የሚበቃ ክብደት አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስሆንም በአሥራ አምስት ነው የማሰላው። ጓደኛዬ ይስቅብኛል፣ ከመቶ ኪሎሜትር ስንት እንደምቀር ቁጭ ብሎ አስልቶልኛል። በአሥራ አምስት ፉርካን 200 ሜትር አልፎ ለመሻገር ኦበርአልፕ አናት ላይ 4100 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በዚህ በጋ እዚያ ከፍታ የደረስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።